የደረጃው ዘበኞች

ሰው አውራ ጣት ለምታህል አሻንጉሊት ብሎ ሠላሳ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ቂም ይይዛል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ይዣለሁ። አባቴ ሲሞት እንኳን አልለቀቅኩትም። ቀብሩ ላይ አሥራት መጥቶ ትከሻዬን ሲስመኝ፣ እኔ በልቤ «አሻንጉሊቴን መልስ» እያልኩ ነበር። አስቂኝ ነው፣ አውቃለሁ። ልጅ የወለደ፣ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው የአባቱ ሬሳ ፊት ቆሞ አሻንጉሊት ያስባል።

«ጋሼ» አላልኩትም፣ ልብ በሉ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ያለ አበሻ ሁሉ ጋሼ አሥራት ይለዋል፣ አንቱ ይለዋል። እኔ እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱታውን ወስጄበታለሁ። በቀሌ ከዚያ ይጀምራል። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ የአማርኛ ፊደልም ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት። ቋንቋዬ ቢንጋደድ ታገሱኝ። ነገሩ ራሱ ግን አልተንጋደደም።

ከሱዳን ስንመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስፖንሰር ያደረገን አሥራት ነው። ያስቀመጠንም ሬይኖልድስበርግ ባለው ቤቱ፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ከሣሩ እኩል የሆነች አንዲት መስኮት ነበረችን። በእሷ በኩል የሚታየው የሰው እግር ብቻ ስለሆነ ሰውን በጫማው መለየት ተማርኩ። የአሥራት ሚስት፣ የእትዬ ስመኝ፣ ቀጭን ተረከዝ። የአባቴ፣ የባስልዮስ፣ ጫፉ ብረት የሆነ የሥራ ቦቲ። የአሥራት ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቆዳ። ከእነሱ ኩሽና ወደ እኛ የሚወርድ የእንጨት ደረጃ ነበር፤ ደረጃው አናት ላይ በር አለ፣ መቀርቀሪያው ግን በእነሱ በኩል ነው። ብርድ እንዳይገባብን አስበው የሚዘጉልን ይመስለኝ ነበር።

ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ቅዳሜን ነው። አባቴ ገና ሲነጋ ግሮቭፖርት ወዳለው ዌርሃውስ ይሄዳል። እትዬ ስመኝ ሱቃቸውን ልትከፍት ትወጣለች። ከዚያ አሥራት የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ይወርዳል።

«ማሞቂያው ድምፅ እያሰማ ነው፣ እስኪ ልየው» ይላል። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «አንተ ጎረምሳ፣ ላይ ውጣና ካርቱንህን እይ። አይስክሬም አለልህ፤ እስክትጠግብ ብላ።»

ሲወርድ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነበር። ለምንጣፋችን የሚያዝን ጨዋ ሰው ነው እል ነበር።

እናቴ፣ ማንያህልሻል፣ ቅዳሜን ትጠላዋለች። «ልጁን ይተዉት ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ዓይኑን ያመዋል» ትላለች፣ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ።

«ኧረ እናንተ የገጠር ሰዎች! ካርቱን ደግሞ መቼ ዓይን አሞ ያውቃል?»

እኔም «እማዬ፣ ልቀቂኝ!» እያልኩ እፈራገጣለሁ። በካርቱኔ የምትቀና ነበር የሚመስለኝ። ደግሞ እሱ በመጣ ቁጥር ካውያ ይዛ ነው የምትቆመው። ተተኩሶ ያለቀውን ያንኑ የአባቴን ሸሚዝ እንፋሎቱ ፊቷን እስኪሸፍነው ድረስ ደግማ ደጋግማ ትተኩሰዋለች። እኔ ላይ ሶፋቸው ላይ ተቀምጬ አይስክሬም እየላስኩ፣ እናቴ ሥራ የማያልቅላት ሴት ናት እላለሁ።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ፤ የራሴ ማሞቂያም አለኝ። ማሞቂያ በሐምሌ አይበላሽም። እዚህ አገር ሐምሌ ሐሩር ነው፤ ማሞቂያ የሚያበራ ሰው የለም።

ያን ሰመር እናቴ ሚነርቫ ፓርክ የምትኖር የአንዲት አሮጊት ጃፓናዊት ቤት ታጸዳ ነበር። ስሟ ኪኩኤ ነው፤ እናቴ ግን «ኪኩዬ» ነው የምትላት። አሜሪካዊ ወታደር አግብታ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ትምህርት ስለተዘጋ እናቴ እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። የኪኩዬ ጋራዥ ውስጥ መኪና የለም። መኪና በሚቆምበት ቦታ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አውራ ጣት አውራ ጣት የሚያህሉ ራሰ በራ ሰዎች ተሰልፈዋል። ፊታቸው ነጭ፣ ሆዳቸው ቀይ ወይም ሰማያዊ፣ ቅንድባቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ አፋቸው አንዲት ነጥብ። በጣት ብትገፋቸው ይወድቁና መልሰው ይነሳሉ። አናታቸውን ብትደፍቀውም ይነሳሉ። ኦኪያጋሪ ይባላሉ፣ «ተነሺው» እንደ ማለት ነው። ከተራራ ሥር፣ በረዶ ከሚበዛበት አገሯ አባቷ የሚሠራው፣ ከአባቱም የወረሰው ሥራ ነው።

አሠራሩን አስተማረችኝ። ከእንጨት የተጠረበ ቅርጽ አለ፤ በላዩ ላይ በሩዝ ሙጫ የራሰ ወረቀት ድርብርብ አድርገህ ትለብጣለህ። ሲደርቅ ጀርባውን በቢላ ትሰነጥቅና እንጨቱን ከውስጡ ታወጣለህ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ለፍታ ያረደችው መስሎኝ። ኪኩዬ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ስንጥቁን በሙጫ ገጥማ፣ ነጭ ቀብታ፣ «የት አለ?» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቁስሉ ጠፍቷል። ቂጡ ላይ ደግሞ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ የሚያነሳው እሱ ነው። ጭቃ ያልገባበትን ባዶ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ አቆመችልኝ። ወደቀ። አቆመችው። ወደቀ።

«ቆንጆ ነው» አለችኝ በሰባራ እንግሊዝኛዋ። «ግን አይነሳም።»

በአገሯ ሰው ይህን አሻንጉሊት ዝም ብሎ አይገዛም አለችኝ። በአዲስ ዓመት ገበያ ብዙውን ባንዴ ይበትንና ቶሎ የቆሙትን ይመርጣል። ሲገዛም ለያንዳንዱ የቤተሰብ ሰው አንድ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ትርፍ።

«ትርፉ የማን ነው?»

«ገና ላልመጣ ሰው» አለችኝ።

አንድ ቀን እናቴና ኪኩዬ ጋራዡ ውስጥ ሲያወሩ ደረስኩ። እናቴ ያኔ እንግሊዝኛ ስለሌላት በእጇ ነው የምታወራው። በእጇ ደረጃ ሠራች፣ ወደ ታች። ሁለት ጣቶቿን በደረጃው ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች፣ ድምፅ እንዳይሰማ ዓይነት። ከዚያ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ኪኩዬ ብሩሿን አስቀመጠች። ፊቷ እንደ አሻንጉሊቶቹ ሆነ።

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» አልኩ።

«ስለ አይጥ» አለች እናቴ፣ ሳታየኝ። «ቤዝመንቱ አይጥ አለው።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

ኪኩዬ ከመሳቢያዋ ድመት አንገት ላይ የሚታሰሩ ዓይነት ትናንሽ ቃጭሎች አወጣች። ስንጥቃቸው ገና ያልተገጠመ አራት ቅርፊቶች ነበሩ፤ በየሆዳቸው አንድ አንድ ቃጭል ከታ ገጠመቻቸው። እኛ ሦስት ነን፣ አራተኛው ትርፉ ነው። የአራተኛውን ፊት የሣልኩት እኔ ነኝ። እጄ ተንቀጥቅጦ አንዱ ቅንድብ ወደ ላይ ስለሄደብኝ የተቆጣ ሰው መሰለ። «ይሄኛው ጎበዝ ነው» አለች ኪኩዬ።

እናቴ ቤት ስንገባ በየደረጃው ጠርዝ ላይ አንድ አንድ አቆመቻቸው። «ዘበኞቻችን ናቸው፤ አይጡ ሲመጣ ይጮኻሉ» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ እንደ ወታደር ሰላምታ እሰጣቸው ጀመር።

ቅዳሜ መጣ። እናቴ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ጋ ናት፣ ማሽኑ ያጓራል። እኔ አይጡን አድፍጬ ልይዝ አልጋ ሥር ገብቻለሁ። በሩ ሲከፈት ማናችንም አልሰማንም። ድንገት ቅልልል! አንዱ ዘበኛ ተንከባለለ፣ ከታቹ ያለውን መታ፣ ሁለቱ ሦስተኛውን፣ ሁሉም እያንቃጨሉ ወለሉ ድረስ ወረዱ። እናቴ ካውያውን ከጠረጴዛው አንስታ ዘወር አለች። አሥራት ደረጃው መሃል በካልሲው ቆሟል፣ አንድ እግሩ አየር ላይ፣ ግድግዳውን በሁለት እጁ ተደግፎ። የመፍቻ ሣጥኑን እንኳን አልያዘም። ዘበኞቹ ደግሞ ወለሉ ላይ ትንሽ ተወዛወዙና ቀጥ ብለው ቆመው አዩት።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። «ጋሼ! አይጥ መስለዋቸው እኮ ነው! አይጥ መስለዋቸው!»

ማንም አልሳቀም።

«ምን አልከኝ አንተ?»

«እማዬ ናት የነገረችኝ፤ ትልቅ አይጥ አለ፣ ቀስ ብሎ በደረጃ ይወርዳል፣ ሲመጣ ይጮኻሉ...»

እናቴ አላቋረጠችኝም። ጨርሼ እስክናገር ጠበቀች፣ ካውያውን እንደያዘች። አሥራት አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና ወደ ላይ ተመለሰ። በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ። እኔ በሕይወቴ ንግግር ችዬ አላውቅም፤ ከተናገርኩት ሁሉ የምኮራበት ያንን ነው።

በማግሥቱ እሑድ የሚካኤል ማኅበር እነሱ ቤት ነበር። ከላይ የሳህንና የሳቅ ድምፅ ሲመጣ ቆየና ባንዴ ጸጥ አለ። ከዚያ ብዙ ጫማ ደረጃውን ወረደ። አሥራት ከፊት ነው። አንዱን ዘበኛ ከደረጃው ላይ አነሳና ሰው ሁሉ ፊት አንቃጨለው።

«ስሙ! የቅዳሴ ቃጭል ነው! ጣዖት ሆድ ውስጥ አስገብተው ከቤቴ ሥር ቀብረውብኛል!»

«በስመ አብ!» አሉ ሴቶቹ። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተጠጉ። «መተት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ዓይናቸውን እዩትማ፣ አይከደንም።»

«ቁጠሩልኝ!» አለ አሥራት። «እነሱ ሦስት ናቸው፤ ይሄ አራት ነው። አራተኛው የማን ነው? የእኔ ነዋ! ተቀብዬ ባስጠጋሁ ሊገድሉኝ ነው!»

እኔ «ገና ላልመጣ ሰው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። አንዷ ሴትዮ እያማተበች ወደ ኋላ ሸሸች።

አባቴ ከሥራ ሲገባ በዚህ መሃል ደረሰ። ማንንም አልጠየቀም፤ እናቴንም አልጠየቃትም። በሥራ ቦቲው እንዳለ ተንበረከከና የአሥራትን ጉልበት ሳመ። «ይቅር ይበሉን ጋሼ። ሴት ናት፣ አታውቅም።» የአባቴን ቦቲ ሶል ያየሁት ያን ቀን ነው። ተቀዶ በቴፕ ተጠግኗል።

እትዬ ስመኝ መጨረሻ ላይ ወረደች። ጣዖቶቹን አላየችም። ማሞቂያውን አየች። ቀጥላ የካውያውን ጠረጴዛ አየች፣ የተሰካውን ካውያ፣ ያቺን አንድ ሸሚዝ።

«ማሞቂያው አሁንም ይበላሻል?» አለቻት እናቴን፣ ቀስ ብላ።

«ይበላሻል፣ እትዬ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ሰው ሁሉ በጣዖት ተደናግጦ እነዚህ ስለ ማሞቂያ ያወራሉ ብዬ ተናደድኩባቸው። እትዬ ስመኝ ፊቷን ከማሞቂያው መለሰች። ከዚያ ዘበኞቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ጓሮ ወጣችና ሥጋ የሚጠበስበት ግሪል ውስጥ ጣለቻቸው። ተከትያት ወጣሁ። ወረቀቱ ቶሎ ነደደ፤ የተቃጠለ ሩዝ ሸተተኝ። ቃጭሎቹ ፍሙ ውስጥ እየወደቁ ቅል፣ ቅል አሉ። ሦስት ናቸው። ያ ቅንድበ ጠማማው የለም። ዞር ስል አሥራት እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ሰርቆኛል ማለት ነው። ቂሜን የቋጠርኩት እዚያ ግሪል አጠገብ ነው።

አስወጣን። ዕቃችንን መኪና ላይ ጭነን ስንጨርስ እናቴ «መጥረጊያ ረሳሁ» ብላ ወደ ቤዝመንቱ ተመለሰች። ቆይታ ባዶ እጇን መጣች። በሩ ላይ እኛን ተክታ የምትገባ፣ ከኬንያ የመጣች ወጣት ሴት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እናቴ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ «ደረጃው ሥር» ስትል ሰማኋት። መጥረጊያውን ትታላት የት እንዳለ እየነገረቻት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እናቴ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዓል በመጣ ቁጥር አሥራት ጋ እየደወለ «እንኳን አደረስዎት» ይል ነበር። እናቴን ሲቆጣ ደግሞ «ያንን ጉድሽን አትርሺ» ይላታል። እሷ ሸሚዙን መተኮሷን ትቀጥላለች። እኔም ይህን ሁሉ ያመጣብን አሻንጉሊቱ እንደሆነ አምኜ፣ አሻንጉሊቴን ግን እፈልግ ነበር። ልጅ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሁለት ሺህ ሃያ ልምጣ። በፈረንጅ ዲሴምበር ነው። ኮሮና ሰውን ቤት ስለዘጋው ዓለም ሁሉ ዕቃ በኢንተርኔት ያዛል፤ እኛ ግሮቭፖርት ማስክ ለብሰን ካርቶን እንቆልላለን። አባቴ በሠራበት መንገድ ዳር መሥራቴን ልብ በሉ። ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ መኪናዬ ሞታለች። በሌላ መኪና ባትሪ ጃምፕ ብናደርጋትም እምቢ አለች። እናናዬ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ፣ በዲቪ የመጣች ቀልደኛ ሴት፣ «ና ግባ፣ ሬይኖልድስበርግ አይደለህ? ማስክህን ግን እንዳታወልቅ፣ ሳልህ አላማረኝም» አለችኝ።

መንገዱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ መኪናዋ ዘለለች። ቅልልል።

ከመስታወቷ ሥር በክር ተንጠልጥሏል። ቀይ ሆዱ ደብዝዟል፣ ነጩ ፊት ቢጫ ሆኗል። አንድ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄዷል።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ድምፄ አላማረኝም። የአሥራት ዘመድ መስላኝ ደሜ ፈልቷል።

«ዘበኛዋን?»

ያንን ስም ከእናቴና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። «ዘበኛ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«ስሟ ነዋ! ጋሼ አሥራት ቤዝመንት ስገባ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ቁልፍ ስታስረክበኝ፣ ‹ሌላውን ሁሉ ብትፈልጊ ጣዪው፣ ደረጃው ሥር ያለችውን ዘበኛ ግን እንዳትነኪያት› አለችኝ። ለእሷም ከእሷ በፊት የነበረችው ነግራታለች። ከጣውላው ጋር በክር ታስራለች፤ ሲረገጥ ትጮኻለች።» ወደ ቀኝ መስመር ገባች። «ሰውዬው ማሞቂያ ሊያይ ሲመጣ።»

«በሐምሌ» አልኩ።

መንገዱን ትታ አየችኝ። «አንተ በምን አወቅክ?»

ካልሲው፣ ካውያው፣ አይስክሬሙ፣ መቀርቀሪያው አንድ በአንድ እየወደቁ እያንቃጨሉ ወረዱብኝ። የእናቴ እጅ እጄን ጭምድድ አድርጎ ሲይዘኝ እንደገና ተሰማኝ።

«እኔ ከወጣሁ በኋላ ቤዝመንቱን ዕቃ ማስቀመጫ አደረገው» አለች እናናዬ። «ሰው ካልገባ ዘበኛ ምን ይሠራል ብዬ ይዣት ወጣሁ።»

በቀጥታ እናቴ ጋ ወሰደችኝ። እናቴ በረንዳ ላይ በብርዱ ወጣች፣ በሦስት ሜትር ርቀት፣ ማስክ ላይ ማስክ ደርባ።

«እማዬ፣ አራተኛውን የሰረቀው አሥራት ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት።»

«እሱ? እሱማ አሻንጉሊት አልሰረቀም» አለች። «አባትህን ነው የሰረቀኝ።»

«ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?»

«ጉልበቱን ከሳመ በኋላ? ለማን ልንገር?» ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ሰው ሁሉ አባትህን ሲያይ ግን ቅንድበ ጠማማዋን ጡቴ ሥር ሸጎጥኳት። ኪኩዬ ገና ላልመጣ ሰው ነው አላለችህም? ያቺ ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠችው ልጅ መጣቻ።»

ፋሲካ ሲያልፍ ከኮሚኒቲው ኮሚቴ ኮል አደረጉልኝ። ጋሼ አሥራት ሊመሰገን ነው፣ «የስደተኞች አባት» ተብሎ። እኔ ከቤዝመንቱ ልጆች አንዱ ሆኜ ሁለት ቃል እንድናገር ነው የፈለጉት። «በደስታ» አልኩ። እንዲያ ደስ ብሎኝ «በደስታ» ብዬ አላውቅም።

እናናዬ እዚያ ቤት የነበሩትን ሴቶች ሁሉ ታውቃለች፤ አንዷ አንዷን ታውቃለች። እኔ ጋራዤን ጠረግኩና ሥራ ጀመርኩ። ኪኩዬ ከሞተች ቆይቷል፤ እጄ ግን አልረሳም። ቅርጹን ከመጥረቢያ እጀታ ጠረብኩ፣ ወረቀት በሩዝ ሙጫ ለበጥኩ፣ አደረቅኩ፣ ጀርባቸውን ሰነጠቅኩ። በየሆዳቸው ቃጭል ከተትኩ፣ በየቂጣቸው ጭቃ ለጠፍኩ። እናቴ በስልክ «ስንት ሠራህ?» አለችኝ። «በሴቶቹ ልክ፣ ከአንቺ ጋር።» «አንድ ትርፍ ጨምር» አለችኝ። ጨመርኩ።

ከእነሱ ሌላ አንድ ለብቻው ሠራሁ። ነጩን አሳምሬ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ ሣልኩለት። ልጄ ሉሉ ፊታቸውን ልትቀባልኝ መጥታ አነሳችው፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ወደቀ።

«ዳድ፣ ዚስ ዋን ኢዝ ብሮክን» አለችኝ።

«አልተበላሸም» አልኳት። «እሱ ያለቀው እንዲሁ ነው፣ ያለ ጭቃ።»

የምስጋናው ቀን ሐምሌ ላይ ዋለ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ተራርቀዋል፣ ግድግዳው ላይ ቤታቸው የቀሩት ሽማግሌዎች በዙም ይታያሉ፣ ግማሹ ግንባር ብቻ፣ ግማሹ የቤቱ ጣሪያ። አሥራት ነጭ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ቆሟል፤ እትዬ ስመኝ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«በሬን በማንም ላይ ዘግቼ አላውቅም» እያለ ነው። «ያ የቤቴ ደረጃ ስንቱን ስደተኛ አውርዷል!»

ቅልልል።

ድምፁ የመጣው ከስፒከሩ ነው። የፕሮግራሙ መሪ ሳቀ። «እማማ ማንያህልሻል፣ ሚውት ያድርጉት እንጂ!» ግድግዳው ላይ እናቴ ትታያለች። ዘበኛዋን ካሜራው ላይ አስጠግታ ትወዘውዛለች። ሚውት አላደረገችም።

ከኋላ ጠረጴዛ እናናዬ ያቺን ያሮጀች ዘበኛ አነሳች። ቅልልል። ከመስኮቱ ጋ እዚያ ቤዝመንት ኖራ የወጣች አንዲት ነርስ። ከበሩ ጋ ያቺ በልጅነቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ያየኋት፣ አሁን ፀጉሯ የሸበተ። ማስካቸውን እንዳደረጉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያንቃጭላሉ። አሥራት እጁ ግድግዳ ፈለገ። እንደዚያ ቀን፣ በሁለት እጁ።

መሪው ግራ ገብቶት የእኔን ስም ጠራ። ወጣሁ።

«ጋሼ» አልኩት፤ የመጨረሻዋ ናት ብዬ ሰጠሁት። «በስምንት ዓመቴ፣ አይጥ መስለዋቸው ነው ብዬ ስቄብዎት ነበር። አልተሳሳቱም ነበር፣ ዘበኞቹ። ይኸው ስጦታዎን አምጥቻለሁ።»

ጫማው የሚያብረቀርቀውን አሻንጉሊት ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩለት። ወደቀ። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ትንሽ ሳቁ። አሥራት ሰው ስለሚያየው ነው መሰለኝ አቆመው። ወደቀ። እንደገና አቆመው። ሳቁ ሞተ። ቃጭሎቹ አላቆሙም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ልል ነበር።

«የእኔስ?»

እትዬ ስመኝ ናት። ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳለች። እጇን ዘርግታለች።

ትርፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሦስቱን ግሪል ውስጥ ያቃጠለች ሴት ናት። ማሞቂያውን አይታ፣ ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ ያቃጠለች። ይህን ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እጇ ግን አልታጠፈም። በዚያ ቤት በሩን ከላይኛው ወገን ሆና ስትሰማ የኖረች እሷ ብቻ ናት።

እጇ ላይ አልሰጠኋትም። ያንን ያህል ደግ አይደለሁም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጣልኩላት። ወድቆ ተነሳ።

አነሳችው። ተነስታ ባሏ አጠገብ ሄደች፤ እሱ አሁንም ያንን ባዶ ቅርፊት ሊያቆም ይታገላል። ጆሮው ሥር ጎንበስ አለችና አንቃጨለችው።

«አሥራት» አለችው፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ። «ማሞቂያው ድምፅ እያሰማ ነው። አትወርድም?»